የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ሃያ ሰዓት ሰልጥኜ ያየሁት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር ነው የምውለው። ስለ አደጋ ስልጠና አስተያየት ልጽፍ ነው ስለው ባለቤቴ ሳቀብኝ። ግን ጨርሼ ከመጣሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። "እንዴት ነው? ጊዜ ማጥፋት አይደለም?" ይሉኛል። ደረጃ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአስር ሰባት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሁለት ተኩሉ የት እንደቀረ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በቅድሚያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ የጎን ጎረቤቴ ዘይት ጥዳ ስልክ ታወራ ነበር። ዘይቱ እሳት ያዘ። ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ በእጄ የያዝኩት ምን ይመስላችኋል? አንድ ጆግ ውሃ። ደፋሁበት። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ነበልባሉ ጣሪያ ሲነካና የገዛ ቅንድቤ ሲሸተኝ ነው። ደግነቱ ማንም ክፉኛ አልተጎዳም። ግድግዳው ግን ጠቁሮ ቀረ። እስከዛሬ ያንን ግድግዳ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ልረዳ ሄጄ ያባባስኩት እኔ ነኛ።

ስለዚህ የበጎ ፈቃደኞች ስልጠና አለ የሚል ማስታወቂያ ሳይ ተመዘገብኩ። ስምንት ምሽት ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ስንጀምር 24 ነበርን፤ የጨረስነው 15 ነን። አዘጋጆቹን በስም አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር ስላለኝ።

የመጀመሪያው ምሽት ሊያስለቅሰኝ ነበር፣ በመሰልቸት። "የአደጋ ስጋት ተጋላጭነትና የምላሽ አሰጣጥ ማዕቀፍ" የሚል ርዕስ ግድግዳው ላይ በራ። ከዚያ ገጽ በገጽ ይነበብልን ጀመር፣ ማንበብ የማንችል ይመስል። አጠገቤ የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር "ይሄን ወደ አማርኛ የሚተረጉምልኝ አለ?" አለ። ሳቅን። ዋናው አሰልጣኝም ሳቁ። ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ፕሮጀክተሩን አጠፉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስልጠናው ለእኔ የጀመረው ያኔ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 1985 ሜክሲኮ ሲቲን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፣ አሉን። ሕዝቡ ማንም ሳያዘው ወጥቶ ፍርስራሽ ውስጥ ገባ። ያለምንም ስልጠና እየቆፈረ ከ800 በላይ ሰው በሕይወት አወጣ። "ጀግንነት ነው፣ አይደል?" አሉ ጋሼ። አዎ አልን። "ከአውጪዎቹ ደግሞ ወደ 100 የሚሆኑት እዚያው ሞቱ።" ክፍሉ ጭጭ አለ። የሎስ አንጀለስ የእሳት አደጋ ሰዎች ይህን አይተው ነው ተራ ነዋሪን ማሰልጠን ይሻላል ያሉት። በ1993 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለመላ አገሪቱ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮችም ተስፋፋ። የኛም ስልጠና የዚያ ዘር ነው።

"ከዚህ ጀግና ሆናችሁ አትወጡም" አሉን። "የት እንደማትገቡ አውቃችሁ ከወጣችሁ ይበቃኛል።"

ያኔ ንግግር ማሳመሪያ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ምሽት የእሳት ነበር፤ እኔ የሄድኩበት ጉዳይ። ግቢው ውስጥ ጥቂት ዘይት በድስት አነደዱ። ጋሼ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረች ጣሳ ውሃ ጨመሩበት። ሁላችንም ርቀን ቆመን ነበር፤ ያም ሆኖ ፊታችን ጋለ። የኔዋ ጆግ በዓይነ ሕሊናዬ ዞረች። ምክንያቱን የነገረኝ ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። ዘይቱ ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት እጅግ በላይ የጋለ ነው። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ያድጋል። እየነደደ ያለውን ዘይት ሽቅብ የሚረጨው እሱ ነው። መፍትሔው ክዳን ነው። ክዳን! እሳቱን ከሥር አጥፍቶ፣ ከድኖ፣ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። ያን ማታ ክዳኑ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ እያየኝ ነበር።

የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር ተራ በተራ ይዘን ሞከርን። ንቀል፣ አነጣጥር፣ ጭመቅ፣ ጥረግ። ቀለበቷን ትነቅላላችሁ። አፉን የምታነጣጥሩት እሳቱ ሥር ላይ እንጂ ነበልባሉ ላይ አይደለም። እጀታውን ትጨምቃላችሁ፤ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መጥረጊያ። እኔ ነበልባሉን ተኮስኩ። ሁሉም የሚሠራው ስህተት ነው አሉኝ። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ ትንሿ ሲሊንደር የምትቆየው ከአስር እስከ ሃያ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ስታመነቱ ታልቃለች። ደንቡም ከዚህ የመጣ ነው፦ እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ከበለጠ፣ ወይም መውጫው ከጀርባችሁ ካልሆነ፣ ሲሊንደሯን ጥላችሁ ውጡ። ብቻችሁንም አትሞክሩ። አሁን እንግዲህ የጋሼን ንግግር ማመን ጀመርኩ።

ሦስተኛውና አራተኛው ምሽት የነርሷ ነበሩ። ወጣት ናት፤ "እትዬ" እያለች ታሾረኛለች። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። ደም ሲፈስ መጀመሪያ ቁስሉ ላይ በቀጥታ በደንብ መጫን ነው። የእጅ ወይም የእግር ቁስል ሆኖ በዚያ አልቆም ካለ ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ ይታሰራል፤ ከቁስሉ ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን። ደሙ እስኪቆም ይጠብቃል። የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ሐኪም እጅ እስኪደርስ አይላላም። የታክሲ ሾፌራችን ቀበቶውን ፈቶ አሰረና ኮራ። ነርሷ ጣቷን በሥሩ አሾለከች። ቀበቶ በእጅ ስበው ብቻ አይጠብቅም፤ የሚጠመዘዝበት ዱላ ይፈልጋል። እኔ ከሻንጣዬ አራት ሳንቲ ስፋት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ አውጥቼ፣ በማንኪያ እጀታ ጠምዝዤ አሳየኋቸው። ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም፤ ይህን ማንም ልብስ ሰፊ በጨርቅ ያውቀዋል። ነርሷ ግን ወዲያው ከበሮዬን ቀደደችው። "ጎበዝ እትዬ፤ ግን የተሠራውን ቢገዙ ይሻላል። በድንጋጤ ውስጥ ማንኪያው ይወድቅብዎታል" አለችኝ።

ብዙ ተጎጂ ሲኖር መለየትን የተማርነው አራተኛው ምሽት ነው። ትሪያጅ ይሉታል። ግማሻችን ተጎጂ ሆነን ካርድ ተሰጠን፤ ግማሻችን ረዳት። ሥራው ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። በመጀመሪያ "መራመድ የምትችሉ ወደኔ ኑ!" ብላችሁ ትጮሃላችሁ፤ የመጡት አረንጓዴ ናቸው፤ ጉዳታቸው ቀላል ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ። ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 በላይ ነው? ቀይ፣ ቀድሞ የሚታከም። ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁ ደሙ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ይፈጃል? ቀይ። "እጄን ጨብጥ" ሲሉት አይጨብጥም? እሱም ቀይ። ይህን ሁሉ ያለፈ ግን መራመድ ያልቻለ ቢጫ ነው፤ ትንሽ መቆየት ይችላል። የማይተነፍስ ካለ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ የትንፋሽ መንገዱን ትከፍቱለታላችሁ። አሁንም ካልተነፈሰ ጥቁር፣ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በር ላይ አንዲት ልጅ እግሯን ይዛ ትጮሃለች። ድራማዋን እንዳትጠይቁኝ፤ ቀዩ ቀለም በየቦታው ፈሷል። እሷ ጋ ተንበረከክሁ። ፋሻ ፈታሁ፣ ጠቀለልሁ፣ አይዞሽ አልሁ። አራት ደቂቃ። ከጥጉ ሥር የተኛው ሰውዬ ምንም ድምፅ አላሰማም። ስደርስበት ካርዱን ገልብጦ አሳየኝ፤ ሞቷል። አንገቱን ቀና ባደርግለት ኖሮ ይተነፍስ ነበር።

ጋሼ አልተቆጡም። "የምትጮኸው እየተነፈሰች ነው" አሉኝ ብቻ። ይህቺ ቃል ከሃያው ሰዓት ሁሉ በላይ አብራኝ ቀርታለች። ልጆቼ ሲጣሉ እንኳ አሁን ቀድሜ የማየው ዝም ያለውን ነው።

አምስተኛው ምሽት ስለ ፍለጋና ማውጣት ነበር። የተጫነበትን ነገር በረጅም ጣውላ መፈልቀቅ፣ ሥሩን በእንጨት መደገፍ። ጣት የሚያህል ባነሳችሁ ቁጥር ጣት የሚያህል ደግፉ ነው ደንቡ፤ ከተንሸራተተ ተመልሶ ሰውዬው ላይ እንዳይወድቅ። ጨለማ ክፍል ስትፈትሹ አንድ እጃችሁ ከግድግዳ አይለቅም፤ ተጣርታችሁ ዝም ብላችሁ ታዳምጣላችሁ። ይህን ሁሉ በጉልበት እየዳኸን ነው፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ። ጉልበቴ ለሦስት ቀን አልታዘዘኝም።

ግን የዚያ ምሽት ዋናው ነገር ጣውላው አልነበረም፤ ክርክሩ ነበር። የቤት ጉዳት ሦስት ደረጃ አለው። ቀላል ሲሆን፣ መስታወት ተሰብሮ ልስን ሲሰነጠቅ፣ ገብታችሁ በደንብ ትፈልጋላችሁ። መካከለኛ ከሆነ ፈጥናችሁ ገብታችሁ ሰው ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ ውስጥ ቆማችሁ ቁስል አታክሙም። ከባድ ከሆነ፣ ቤቱ ካዘመመ ወይም ከመሠረቱ ከተንሸራተተ፣ አትገቡም። በሩ ላይ ምልክት ትጽፋላችሁ፣ ለባለሙያ ትናገራላችሁ። ጋሼ ያዘመመ ቤት ፎቶ አሳዩንና "ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ማን ይገባል?" አሉ።

አንዱ ወጣት እጁን አወጣ። "እገባለሁ። የፈለገው ይምጣ።"

"ከገባህ ከዚያ በኋላ የሚፈለጉት ሁለት ናቸው" አሉት።

"ሕፃኑ እያለቀሰ ቆሜ ልይ?"

"አይደለም። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ልብ ትላለህ፤ ታናግረዋለህ፤ የማዳኛ ቡድኑ ሲመጣ ጣትህን ቀስረህ ታሳያለህ። ያ ሥራ ነው።"

ልጁ አልተዋጠለትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልተዋጠልኝም። ልክ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የሜክሲኮዎቹን 100 ሰዎች አስቤያለሁ። ግን ያ ሕፃን የኔ ቢሆን ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ለዚህ ጥያቄ ልብን የሚያሳርፍ መልስ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ።

ስድስተኛውን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ ጭንቀትና ስለ ሐዘን ነው፣ ጥሩ ነበር ግን አጠረ። ሰባተኛው የቅጽ አሞላል ነው። ማን መሪ እንደሚሆን፣ ማን ማንን የት እንደላከ መጻፍ። እንቅልፍ አስወስዶኝ ነበር፤ በኋላ በመጨረሻው ምሽት ልምምድ ላይ ሁለት ሰዎቻችን የት እንደገቡ ጠፍቶን ስንራወጥ ነው ቅጹ የገባኝ። ስለ ቤት ዝግጅትም በየመሃሉ ተነግሮናል። ለአንድ ሰው በቀን ወደ አራት ሊትር ውሃ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን። የጠራ ውሃ ለማከም ሽቶና ቀለም ያልተጨመረበት ተራ በረኪና በሊትር ሁለት ጠብታ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከደፈረሰ እጥፍ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጥንካሬም አንብቡ። ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩም፣ የበራውንም አታጠፉም።

አሁን ወደ ሁለት ተኩሉ።

ግማሹ ነጥብ በደረት ግፊት ሄደ። ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን እንማራለን ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የለም። ብዙ ሰው በተጎዳበት ጊዜ አንድ ሰው ላይ መቆየት ስለማይቻል ነው ተባለ፤ ይገባኛል። ግን ሲመዘገቡ ይንገሩን እንጂ። ለዚያ ሌላ ስልጠና መሄድ አለባችሁ። ሌላው ግማሽ በጓንትና በሄልሜት። ሁሉም ትልቅ ትልቅ ናቸው። ሄልሜቱ ዓይኔ ላይ እየወረደ ቁስለኛ ፈልጊ ስባል ቁስለኛ የምሆነው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሙሉ ነጥብ የቀነስኩት በሰዓቱ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፤ ልጅ ማምጣት አይፈቀድም። ካቋረጡት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን የነገሩን ደግሞ ራሳቸው አሰልጣኞቹ ናቸው። በባንግላዴሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የመጣው አውሎ ነፋስ ወደ 138 ሺህ ሰው ሲገድል ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ እጅግ በዝተው ነው የሞቱት። ከምክንያቶቹ አንዱ ልጆችና ቤት ይዘው ለመውጣት መዘግየታቸው ነው። እዚያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የበጎ ፈቃደኞች ማስጠንቀቂያ አለ፤ በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ቤት ለቤት ያስጠነቅቃሉ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሲሆኑ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። በ2007 ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ሰው ከ3 ሺህ በላይ ነው፤ ብዙ ነው፣ ግን ከ138 ሺህ ጋር አስተያዩት። እንግዲህ ይህን ምሽት ላይ አስተምሮ፣ ሕፃን የያዘችን ሴት በር ላይ መመለስ ምን ይሉታል?

የመጨረሻው ግማሽ ነጥብ ከስልጠናው በኋላ ባለው ዝምታ ነው። የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ፎቶ ተነሳን፣ "እንደውላለን" አሉ። አራት ወር ሆነ። ቱርኒኬት አስተሳሰር እጅ ካልደገመው ይረሳል። ደውዬ ስጠይቅ ለመከለሻ በጀት እንደሌለ ነገሩኝ።

ስለዚህ አራታችን ራሳችን እንገናኛለን። የታክሲ ሾፌሩ፣ ያ "እገባለሁ" ያለው ልጅ፣ የጎን ጎረቤቴ (አዎ፣ የዘይቷ፤ አብራኝ ሰልጥናለች) እና እኔ። በየወሩ መጨረሻ እሁድ ለአንድ ሰዓት። ፋሻ እንጠቀልላለን፣ የሲሊንደሮቹ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እናያለን። ሕንፃችን ውስጥ ደረጃ መውረድ የማይችል ማን እንደሆነ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ማን እንደሆነ በደብተር ይዘናል። አንደኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት መጀመሪያ "ስለላ ነው እንዴ?" ብለው በር ዘግተውብን ነበር። ያ ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አስከፈታቸው። አሁን ትርፍ ቁልፋቸው እሱ ጋ ነው።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። እሳቱን በእጃችሁ ታጠፋላችሁ ወይስ በቪዲዮ ነው? በመጨረሻው ቀን ሙሉ ልምምድ አለ? ከጨረሳችሁ በኋላ መከለሻ አለ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሉ አትልፉ። ጓንት በልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለአምስተኛው ምሽት ደግሞ የጉልበት መከላከያ። ለኔ አሁን ከስፖንጅና ከጂንስ ቁርጥራጭ ሰፍቻለሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር ሰልጣኞች ስድስት ጥንድ ሠርቼ ለጋሼ ልኬላቸዋለሁ። ሁሉም ትንሽና መካከለኛ ልክ ናቸው።